ለእንግዳ የተመረጠ አፈር

ከቢቸና ሞጣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ቢቸና ነው፤ አሁንም እዚያው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግብርና አስተምራለሁ። እስካለፈው ሰኔ ድረስ ግን ሞጣን አይቻት አላውቅም ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሄድኩት በደጀን በኩል ወጥቼ ነው፤ ወደ ሰሜን የሚያስኬድ ጉዳይ አልነበረኝም። በሰኔ መጨረሻ ለግብርና መምህራን የአንድ ሳምንት የክረምት ሥልጠና ሞጣ ላይ ሲዘጋጅ ከትምህርት ቤታችን እኔ ተላክሁ።

ስመለስ ባልደረቦቼ «እንዴት ነበር?» አሉኝ። «ጥሩ ነው» አልኩ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜም የምለው ይህንኑ ነው። ለርእሰ መምህሩም ሦስት ገጽ ሪፖርት ጽፌ ሰጠሁ። በሪፖርቱ ያልገባውን እዚህ እንደ ቀኑ ቅደም ተከተል አስቀምጠዋለሁ፤ ያቺን ከተማ ያላየ ሰው ጥቂት እንዲያያት፣ ደግሞም ቤታቸውን ከፍተው ያሳደሩኝን እናት ምን አድርጌባቸው እንደመጣሁ ተደብቆ እንዳይቀር።

እሑድ

ከቢቸና መናኸሪያ በጧት ብመጣም ሚኒባሱ እስኪሞላ አራት ሰዓት ሆነ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲጥል ስላደረ ከከተማው ስንወጣ ማሳው ሁሉ ጥቁር ውኃ አዝሎ ነበር። የእኛ አገር መሬት መረሬ የሚባለው ጥቁር ሸክላ አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባ ጫማ ይዞ አይለቅም፤ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት የሄደ ሰው አንድ ስንዝር ረዝሞ ይደርሳል። ደብረ ወርቅን አልፈን ወደ ግንደ ወይን ስንጠጋ አፈሩ እየቀላ መጣ። ለክፍል ተማሪዎቼ ስለ ቀይ አፈር ስንት ጊዜ ጽፌ እንዳስገለበጥኩ አስታውሼ፣ እንዲህ በሰፊው ሳየው የመጀመሪያዬ በመሆኑ በራሴ አፈርኩ።

የማርፈው ትምህርት ቤታችን ውስጥ የጽሕፈት ሥራ የምትሠራ ልጅ አክስት ቤት ነበር። «ከተማው መግቢያ ላይ፣ ወፍጮ ቤቱን ሳታልፊ ውረጂ» ብላኛለች። ወፍጮ ቤቱን አየሁት። «ወራጅ አለ» ማለት ነበረብኝ። አልኩም፤ ግን ከእኔ በቀር የሰማው አልነበረም። መናኸሪያው ስንደርስ ረዳቱ፣ ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ፣ ሻንጣዬን እያወረደ፣

«እህቴ፣ የት ነበር መውረጃሽ?» አለኝ።

«ወፍጮ ቤቱ ጋ።»

«ታዲያ አፍሽን ቢቸና ረስተሽው መጣሽ?»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ባጃጅ መጥራትም አፍሬ ሻንጣዬን ይዤ በእግሬ ወደ ኋላ ተመለስኩ። መረሬ እግር ይይዛል፤ ቀይ አፈር ደግሞ እግር ይገፋል። ይህን የሚነግረኝ መጽሐፍ አላነበብኩም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሳልደርስ ተንሸራትቼ ወደቅሁ፤ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ።

የልጅቷ አክስት እትዬ ዘውድነሽ እያነከስኩ ስገባ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ውኃ አሞቁ። «እግርሽን አምጪ» አሉ። እናቴን የሚያህሉ ሰው ጎንበስ ብለው እግሬን ሲያጥቡኝ የምገባበት ጠፋኝ። ከታጠበ በኋላ ቁርጭምጭሚቴን በቅቤ አሹልኝ። ቀጥለው፣

«ትጾሚያለሽ?» አሉኝ።

የሐዋርያት ጾም ገና አልተፈታም። እኔ የሰኔን ጾም ጾሜ አላውቅም፤ ቤታችንም የምትጾመው እናቴ ብቻ ናት። «አልጾምም» ለማለት አፌ ላይ ሳለ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። በኋላ እንዳየሁት እትዬ ለእኔ ብለው አሥር እንቁላል ከጎረቤት ገዝተው አስቀምጠው ነበር። ሳምንቱን በሙሉ ሽሮና ጎመን ስበላ እንቁላሎቹ ከመደርደሪያው ላይ ያዩኝ ነበር። እሳቸው ግን «የቢቸና ልጅ ጾመኛ ናት» እያሉ ለመጣ ለሄደው ይናገሩልኛል።

ራት ላይ ስለ መሬታቸው አጫወቱኝ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ደብረ ማርቆስ ትኖራለች። ሁለት መሬት አላቸው፦ ከቤቱ ጀርባ ያለችው ትንሽ ጓሮና ግማሽ ሰዓት የሚያስኬደው፣ ከወንዙ ወዲህ ያለው የታችኛው ማሳ። የሚተዳደሩት በታችኛው ነው።

«ጤፉ ይበቅልና ጭብጥ ሲያህል ቢጫ ይሆንብኛል» አሉ። «ማዳበሪያ ጨምሬ አየሁት። ደጋግሜ አሳረስኩት። ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ ለእኩል አራሽ ሰጥቼው ልጄ ቤት መግባቴ ነው። በሰው ቤት ጥግ መቀመጥ ደግሞ…» አቋረጡት። «እስቲ እናንተ የተማራችሁት ምን እንደጎደለው ንገሩኝ።»

ሰኞ

ሥልጠናው የሚሰጠው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ከየወረዳው የመጣን መምህራን ተራ በተራ ተነሥተን ስማችንን ተናገርን። ተራዬ ሲደርስ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ስሜን በዝግታ ተናግሬ ስቀመጥ፣ ከአጠገቤ የተቀመጠች መምህርት፣ «ለጣሪያው ነው የነገርሽው ወይስ ለእኛ?» አለችኝ። ሐያት ትባላለች፤ የወሎ ልጅ ናት፤ ሉማሜ ተመድባ ታስተምራለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልተለያየንም። እሷ ለሁለታችንም ትናገራለች፤ እኔ ለሁለታችንም ማስታወሻ እይዛለሁ።

አሠልጣኛችን አቶ ስማቸው የአፈር ባለሙያ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ቀልድ የማይጠሉ ሰው። የዚያ አካባቢ ቀይ አፈር ከዘመን ብዛት በዝናብ ታጥቦ እንደኮመጠጠ፣ አፈር ሲኮመጥጥ ደግሞ ማዳበሪያ ቢደፉበትም ሰብሉ እንደማያገኘው አስረዱን። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ያ ነጩ የድንጋይ ዱቄት። ከዘር በፊት አንድ ወር ያህል ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት።

የሳምንቱ የተግባር ሥራ ይህ ሆነ፦ እያንዳንዳችን ካረፍንበት ቤት ማሳ ወይም ከአቅራቢያ ገበሬ ማሳ አፈር አምጥተን ረቡዕ እንለካለን። አፈራቸው ከሁሉ የኮመጠጠ ሆኖ ለተገኘ አምስት ባለ ማሳዎች ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ ለማሳያ የሚሆን ኖራ ይሰጣቸዋል፤ ለዘንድሮው የጤፍ ዘር እንዲደርስ እዚያው ሳምንት።

እትዬ ዘውድነሽ ትዝ አሉኝና ደስ አለኝ። ማስታወሻዬ ላይ የአቶ ስማቸውን ቃል እንዳለ ጽፌዋለሁ፤ አሁንም ከፊቴ አለ። «በማሳው እየተጠማዘዛችሁ ከአሥራ አምስት ቦታ ውሰዱና ደባልቁ። ከጓሮ አትውሰዱ፤ አመድና ፍግ የጠገበ አፈር ይዋሻችኋል።» «ይዋሻችኋል» የሚለውን በቀይ አሥምሬበታለሁ።

ማክሰኞ

ከሥልጠና ስወጣ አሥር ሰዓት ሆኗል፤ ዝናቡ አላባራም። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎኝ የእትዬን ነጠላ ጫማ አድርጌ ነበር የዋልኩት። ቢሆንም ቤት ገብቼ ፌስታልና ዶማ ጠየቅሁ።

«ለምንሽ?»

«ከታችኛው ማሳ አፈር ላመጣ ነው።»

«በዚህ እግርሽ? በዚህ ዝናብ? እኔ ቆሜ እንግዳ ማሳ ልትወርድ!» ዶማውን ከእጄ ወሰዱት። «አፈር ነው አይደል የምትፈልጊው? ተቀመጪ። እኔ አመጣልሻለሁ።»

«ከአሥራ አምስት ቦታ ነው የሚወሰደው…» ማለት ጀምሬ ነበር። እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጥተዋል።

እውነት ለመናገር እፎይ አልኩ። ቁጭ ብዬ እግሬን ወደ ምድጃው ዘረጋሁ። ዘግየት ብለው አፈሩን በሰፌድ ይዘው ገቡ። ጠጠሩ ተለቅሟል፤ ሥራሥሩ ተመንጥሯል፤ ለወፍጮ የተዘጋጀ እህል ነበር የሚመስለው። ጠቆር ያለ፣ በእጅ ሲይዙት እንደ ድፎ ዳቦ ፍርፋሪ የሚለሰልስ አፈር ነበር። ከግንደ ወይን ወዲህ ካየሁት አፈር ሁሉ ይለያል። ይህን አስተውያለሁ። «ከየት ነው ያመጡት?» ማለት አንድ ጥያቄ ነው። ነገር ግን በዝናብ ወጥተው የገቡ እናት ፊት ያንን መጠየቅ «አላመንኩዎትም» ማለት መሰለኝ። «ደስ የሚል አፈር ነው» ብቻ አልኩ። ፊታቸው በራ።

ቅጹን ሞላሁ። የባለ ማሳው ስም፦ ወይዘሮ ዘውድነሽ። ማሳው፦ የታችኛው። አወሳሰዱ በሚለው ላይ «ከአሥራ አምስት ቦታ ተወስዶ የተደባለቀ» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ ጻፍኩ። ያላየሁትን። በተማሪዎቼ የቤተ ሙከራ ደብተር ላይ እንዲህ ያለውን ባገኝ ዜሮ ነው የምሰጥበት።

ረቡዕ

መሣሪያው የሚያሳየው ቁጥር ባነሰ መጠን አፈሩ የኮመጠጠ ነው። የሐያት አፈር ሲለካ አራትና ምናምን አነበበ። «የእኔ ሎሚ ነው!» ብላ ጮኸች፤ አዳራሹ ሳቀ። ያመጣችው ከእትዬ ዘውድነሽ ጎረቤት ማሳ ነው። ሌላውም ሁሉ እዚያው አካባቢ ሆነ። የእኔ ከስድስት በላይ አለ። አቶ ስማቸው መሣሪያውን አጥበው እንደገና ለኩት፤ ያው ነው።

«ጎበዝ!» አሉ። «እኚህ ባለ ማሳ ማን ናቸው? በቀይ አፈር መካከል እንዲህ አድርጎ የጠበቀ ሰው ሊጎበኝ ይገባዋል። ተነሺና አስረጂን።»

ስንት ሰው ፊት ቆሜ «ብዙ ፍግ ይጠቀማሉ መሰለኝ» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። በትምህርት ዘመኔ ሁሉ የተጨበጨበልኝ ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። አምስቱ ስሞች ሰሌዳ ላይ ተጻፉ። የጎረቤታቸው ስም አለ፤ የእትዬ የለም።

ቤት ገብቼ «አፈርዎ ከሁሉ በለጠ፤ ኖራ አያስፈልገውም» ስላቸው እልል አሉ። ጎረቤት ድረስ የሚሰማ እልልታ ነበር። ያን ዕለት ጎመኑ ላይ ዘይት አበዙልኝ።

ሐሙስ

ከሰዓት በኋላ ሥልጠናው ቀደም ብሎ አለቀ። ቤት ስደርስ የእትዬ ወንድም የኔታ ላቀው መጥተው ነበር። ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ጥምጥማቸው ትልቅ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሽማግሌ ናቸው። እትዬ የአፈሩን ዜና ነግረዋቸዋል።

«የቱን መሬት ነው የለካችሁት?» አሉኝ።

«የታችኛውን።»

እትዬ ዘውድነሽ ሳቁ። «ኧረ የጓሮዬን ነው! እንዴ፣ ከሰው አገር ለመጣች እንግዳ ያንን ቀይ ጭቃ ልስጣት? በመምህራን ፊት ልትቀርብበት? መርጬ፣ ጠጠሩን ለቅሜ ነው የሰጠኋት። አላሳፈራትም።»

የኔታ ጢማቸውን ዳበሱ። «የጓሮዋማ ምን ጎድሏት። ኖራ የማታውቅ ያቺ የታችኛዋ ናት።»

ብለው አዩኝ። ሰሙ ነጩ ዱቄት ነው፤ ያቺ መሬት ኖራ ነክቷት አያውቅም። ወርቁ፣ ያቺ መሬት አንድ ቀን እንኳ ኖራ አታውቅም፤ ሕይወት አላየችም። በቅኔ ቤት እንዲህ ያለ ሲሰማ «ይበል» ይባላል።

«የቢቸና ሰው ይበል ማለት ተወ?» አሉ የኔታ። «እዚያ እኮ ከብቱ ሳይቀር ቅኔ ይሰማል ይባል ነበር።»

«ይበል፣ የኔታ» አልኩ።

ወርቁ ገብቶኛል። የገባኝ ግን ሌላም ነገር ነበር። እትዬ ከደጃቸው የሚደርሰውን ኖራ ያጡት ለእንግዳ መጥፎ ስለማይሰጥ ነው፤ እኔ ደግሞ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ስለጻፍኩ ነው። እዚያው መናገር ነበረብኝ። እሳቸው ግን በደስታ ስኒ እያጠቡ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ነገ በማለዳ ለአቶ ስማቸው ነግሬ ሳይታወቅ ይስተካከላል አልኩ። ሳይታወቅ የሚለው ነው ያጠፋኝ።

ዓርብ

ከሁሉ ቀድሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ስማቸው ካሉበት ቢሮ በር ቆምኩ። ከሁለት ሰዎች ጋር ይነጋገራሉ። እስኪጨርሱ ልጠብቅ አልኩ። ሐያት መጣች፤ ነገሩን በጆሮዋ ነገርኳት።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ግቢያ!»

«ሰው አለ።»

«ሰውማ ይኖራል! ልግባልሽ እኔ?»

«አይሆንም፤ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ሁለቱ ሰዎች ወረቀት ይዘው ወጡ፤ አቶ ስማቸውም አብረዋቸው ወጡና በአጠገቤ አለፉ። «እንዴት አደርሽ» አሉኝ። «ደህና አደሩ» አልኩ። ከዚያ መዝጊያው ንግግር፣ ፎቶ፣ ሰርተፊኬት ሆነ። ምሳ ካለቀ በኋላ ብቻቸውን አገኘኋቸው።

«ያ የኖራው ዝርዝር… አሁን ይታረማል?» አልኩ።

«ጧት የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ይዘውት ሄዱ። ግን ስህተት ካለበት ልደውልላቸው እችላለሁ። የማን ስም ነው የተሳሳተው?»

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። ልክ በዚያች ቅጽበት የተሞላው ቅጽ፣ ጭብጨባው፣ «ተነሺና አስረጂን» መባሌ ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ።

«የማንም አይደለም» አልኩ። «የእኔ ነው… ሰርተፊኬቱ ላይ የአባቴ ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል።»

ሳቁ። «የአንቺማ አሁኑኑ ይታረማል።» ወዲያው አዲስ አሳተሙልኝ። ትክክል የሆነው ሰርተፊኬት ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ቅዳሜ

እትዬ ዘውድነሽ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። አንድ ፌስታል ድንች ከጓሯቸው ነቅለው አሸከሙኝ፤ ለእናቴ ደግሞ የተፈጨ ሚጥሚጣ። መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ «ለአፈሬ የመሰከረችልኝ መምህር ናት» ይላሉ። አንዲት ሴት «እኛን የኮመጠጣችሁ ብለውን እሷን አመሰገኗት!» ብላ ስትቀልድ እትዬ፣ «የሥራሽን ነው የሰጡሽ!» ብለው መለሱላት። ሁለቱም ሳቁ። ሴትዮዋ ኖራ የሚደርሳት ጎረቤታቸው ናት።

ሦስት ጊዜ ጉንጬን ስመው፣ «ፍልሰታ ሲፈታ ነይ፤ ያን ጊዜ እንቁላል እንበላለን» አሉኝ።

ሐያት እስከ ቢቸና አብራኝ ነበረች። ግንደ ወይን ላይ ሚኒባሱ ሲቆም፣

«ነገርሻቸው?» አለችኝ።

«አልነገርኳቸውም።»

«ስልክ አላቸው አይደል? አሁን ደውዪ። አሁን፣ እኔ አጠገብሽ ሳለሁ!»

«ቤት ስገባ።»

ከዚያ በኋላ እስከ ደብረ ወርቅ አልተናገረችኝም፤ ለእሷ ይህ ረጅም ጊዜ ነው። ደብረ ወርቅ ላይ ቆሎ ገዝታ ግማሹን እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። አፈሩ እየጠቆረ ሄደ። ቢቸና ስደርስ «ወራጅ አለ» አልኩ፤ ሰሙኝ፤ ቤቴ በር ላይ አወረዱኝ።

ቤት ገባሁ። አልደወልኩም። በማግስቱ እሑድ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ይሆናሉ አልኩ። ከዚያ ለዘሩ አንድ ወር ቀርቶታል አልኩ፤ ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል አልኩ፤ ከዚያ ተዘርቶ ይሆናልና አሁን ብናገር ማሳዘን ብቻ ነው አልኩ።

በመስከረም እሳቸው ደወሉልኝ። እንኳን አደረሰሽ ብለው፣ የእግሬን ደኅንነት ጠይቀው፣ የእናቴን ጤና ጠይቀው፣ ሚጥሚጣው ይፋጅ እንደሆነ ጠይቀው፣ መጨረሻ ላይ እንደ ተራ ወሬ፣

«ጤፉ ዘንድሮም ቢጫ ሆነብኝ» አሉ። «የጎረቤቴ አረንጓዴ ነው። ግን ነገሩ ገብቶኛል። የእኔ አፈር ደህና ነው ብላችሁኝ የለ? የጓሮው እንዲያ ካለ የታችኛውም የእኔው እጅ ያረሰው ነው። ጥፋቱ የዘሩ ነው። ከአማቴ ጀምሮ ስንዘራው የኖርነውን፣ ለዘር ካቆየሁት የተረፈውን ሁሉ አስፈጨሁት። ከርሞ ከገበያ ገዝቼ እዘራለሁ፤ ያም ካልሆነ መሬቱን ለእኩል መስጠት ነው።»

«እትዬ» አልኩ። «ዘርዎ ደህና ነበር።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ቅጹን፣ ዝርዝሩን፣ የቢሮውን በር፣ አቶ ስማቸው እደውላለሁ ሲሉ ስለ ሰርተፊኬት ማውራቴን። ጥፋቱ የሰፌዱ አፈር እንዳልሆነ፣ የእኔ እንደሆነ፣ ኖራው ለእሳቸው ሊደርሳቸው ይገባ እንደነበር። ተንተባተብኩ፤ ግን አልቀነስኩም።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። የተቆጣ ድምፅ አልነበረም።

«ያኔ እኮ እቤቴ ነበርሽ፣ ልጄ። ምነው ያኔውኑ ብትነግሪኝ?»